አስተርጓሚ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፦ ከአካባቢ መንግሥት ቢሮዎች የአካል ጉዳት ማመቻቸት ስለ መጠየቅ

ውድ ወገኖቼ፣

በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው የደከመው አባታቸው ከካውንቲው የቀጠሮ ደብዳቤ ደርሷቸው፣ ቢሮው ግን ፎቅ ላይ በመሆኑ ምን እንደሚሻል ለጠየቁት እህታችን የምመልሰው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ እናቴን ይዤ በሜሪላንድ ቢሮዎች ለዓመታት ስለተመላለስኩ፣ ያወቅሁትን ሳላካፍል ብቀር ቅር ይለኛል።

እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምግብ ድጋፏን ለማሳደስ ወደ አንድ ቢሮ ሄድን፤ አማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመን ጠይቀን ስለነበር ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎኝ ነበር። መኪና ላቆም ስሄድ ተራዋ ደረሰ። ሠራተኛዋ ከወፍራም መስታወት በስተጀርባ ሆና የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተች፤ አስተርጓሚውም በጥሩ አማርኛ መናገር ጀመረ፤ እናቴ ግን አንዲት ቃል አልሰማችም። ሰው እያናገራት ዝም ማለት ነውር ስለሚመስላት፣ እጆቿን በነጠላዋ ሥር አጣጥፋ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «እሺ፣ እሺ» እያለች ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ስመለስ ቃለ መጠይቁ አልቋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰን ደብዳቤ፣ የጎደለ ሰነድ እንድታመጣ ተነግሯት እንደተስማማች ጠቅሶ ድጋፏ መቋረጡን ያስታውቅ ነበር።

የቋንቋ አገልግሎትና የአካል ጉዳት ማመቻቸት፣ ማለትም ቢሮው አካል ጉዳት ላለበት ሰው እንዲሆን አሠራሩን ወይም ቦታውን ማስተካከሉ፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ እንግሊዝኛ የማይችል ተገልጋይን በአስተርጓሚ የሚያስተናግደው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች መካከል አካታለች። መስማት፣ ማየት፣ መራመድ ወይም ማስታወስ ለሚያስቸግረው ሰው ግን መሠረቱ በ1990 የወጣው፣ ኤዲኤ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ክፍሉ ክፍለ ግዛቶችን፣ ካውንቲዎችንና ከተሞችን ከነቢሮዎቻቸው ይመለከታል። አባትዎ ሁለቱም የሚያስፈልጓቸው ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ፤ አንዱን የመዘገበ ሠራተኛ ሌላውን በራሱ ያስባል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄውን ስታቀርቡ ከሕመሙ ታሪክ ይልቅ እንቅፋቱን ጻፉ። እኛ ዘንድ ችግርን ለማስረዳት ከመጀመሪያው ቀን መጀመር የተለመደ ነው፤ ቢሮው ማወቅ ያለበት ግን የትኛው አሠራሩ ለሰውየው እንደማይሆንና ምን ቢደረግ እንደሚሆን ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሳሉ፤ ከስትሮክ ወዲህ ለመናገርም ጊዜ ይፈልጋሉ። በአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ቀጠሯቸው ወንበራቸው በሚገባበት ምድር ቤት ክፍል ወይም በቪዲዮ እንዲሆን፣ ከተለመደው ሰዓት በላይ እንዲሰጣቸው፣ እንዲሁም የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው እጠይቃለሁ። ከቀጠሮው ቀን በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።» በቃል መጠየቅም ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን በቃል የተባለ ነገር በእናቴ ላይ ምን እንዳስከተለ አይቻለሁና ኢሜይል ሳልልክ አልሄድም።

ደብዳቤው ለማን ይላክ ለሚለው፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት የአካባቢ መንግሥት ይህን ሕግ የሚከታተል አስተባባሪ መሰየምና ቅሬታ የሚሰማበት ሥርዓት ማውጣት አለበት። በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ «ኤዲኤ ኮኦርዲኔተር» (ADA Coordinator) ብላችሁ ፈልጉና ለቀጠሮው ቢሮም ለእሱም በአንድነት ላኩት። ለማመቻቸቱ ገንዘብ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም።

ስለ ልጆቻችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መስማት ለተሳነው ሰው ቢሮው አስተርጓሚ ይዘህ ና ሊለው አይፈቀድለትም፤ ለሰው ደኅንነት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነና ሌላ አስተርጓሚ ካልታጣ በስተቀርም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይችልም። የአሥር ዓመት ልጅ የአባቱን ሕመምና የቤቱን ዕዳ በባዕድ ሰው ፊት እንዲዘረዝር ማድረግ በልጁም በአባቱም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ እባካችሁ ይህን ልማድ እናቁም። ከአገር ቤት የመጡ መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን የሚያውቁት የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ሊሆን ስለሚችል፣ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅረቡ ብቻ መግባባታቸውን አያረጋግጥም። ይህንንም በደብዳቤው ላይ ግለጹት፤ ቢሮው የመግባቢያ ዘዴ ሲመርጥ ለተገልጋዩ ምርጫ ቅድሚያ ሊሰጥ ይገባዋልና።

ለመጓጓዣ አባትዎ በአካል ጉዳት ምክንያት በመደበኛ አውቶቡስና ባቡር መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች ለሚሰጠው ፓራትራንዚት ለተባለ አገልግሎት ማመልከት ይችላሉ፤ በዲሲ አካባቢ ሜትሮአክሰስ ይባላል። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱ ሊሰጣቸው ይገባል።

ብዙዎቻችንን ወደኋላ የሚይዘን ይሉኝታና ስለ ወረቀታችን ያለን ፍርሃት ነው። የዚህ ሕግ ጥበቃ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ምድር ቤት ያለ ክፍል ወይም የሚሰማ ድምፅ መጠየቅም የገንዘብ ድጎማ መቀበል አይደለም።

ጥያቄያችሁ ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በቢሮው የቅሬታ ሥርዓት መሄድ ይቻላል፤ ለፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ደግሞ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ድጋፍ ከተቋረጠባችሁ ግን በማቋረጫው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው የይግባኝ ቀን ራሱን የቻለ ነው፤ የአካል ጉዳት ቅሬታ አስገብቻለሁ ብላችሁ እሱን አታሳልፉ። እኛ ይግባኙን በጊዜው ስላስገባን፣ በሁለተኛው ቀጠሮ እናቴ የተለየ ክፍል ውስጥ ድምፅ ማጉሊያ በጆሮዋ አድርጋ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲቀርብላት «እሺ» አላለችም፤ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

እህታችን ቀጠሮው ሳይደርስ ደብዳቤውን ዛሬ ይላኩ፤ ከፈለጉ ረቂቁን ማታ ላንብብልዎ።