ነገ ቤሴገን ተራራ ልንወጣ ነው የእህቴ ጫማ ተላቀቀ፣ እባካችሁ ምከሩን

ሰላም ወገኖች፣ ኖርዌይ ውስጥ ተራራ የምትወጡ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ከኦስሎ ተነስተን በፋገርነስ አድርገን ቫልድረስፍሊየን አቋርጠን ማታ ዬንደ ሐይቅ ዳር ያለው ማረፊያ ዬንደስሃይም ገባን፣ መንገዱ እንዴት እንደሚያምር ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ በሐምሌ እንኳን ተራሮቹ ላይ በረዶ አለ። ነገ ጠዋት እዚያው ሐይቅ ዳር ወዳለው ሌላ ማረፊያ፣ ሜሙሩቡ፣ በጀልባ ሄደን በቤሴገን በእግር ልንመለስ ትኬት ቆርጠናል፣ 14 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከፍተኛው ቦታ 1743 ሜትር።

አሁን ሻንጣ ስናወርድ የእህቴ የተራራ ጫማ ሶሉ ከተረከዙ በኩል ተላቀቀ። ስድስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው፣ ስነካው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ለጊዜው በፕላስተር ጠቅልዬ በክር አስሬዋለሁ፣ ግን እዛ የተራራው ጫፍ የሚጠብበት ጋ ግራና ቀኙ ሐይቅ ነው፣ የዬንደው ሐይቅ ወደ 400 ሜትር ቁልቁል ነው ያለው፣ ድንጋዩን በእጅ ጭምር እየያዙ ነው የሚወጣው፣ እኔ ልቤ አልቆረጠም። እሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጀምሮ የምታወራው ስለዚህ ተራራ ነው፣ ማክሰኞ ትመለሳለች፣ በስኒከር እወጣለሁ ብላ ድርቅ ብላለች፣ ትንበያው ደግሞ ከሰዓት ዝናብ ይላል።

ከሜሙሩቡ በሐይቁ ዳር የሚመለስ 10 ኪሎሜትር ገደማ ዝቅ ያለ መንገድ አለ፣ የሄደበት ካለ በስኒከር ይቻላል? ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል? ወይስ በጀልባ ደርሰን በጀልባ እንመለስ? እባካችሁ ጠዋት ሳንነሳ መልሱልኝ፣ ሌሊቱን ስልኬን እያየሁ ነው የማድረው።