ኤሌክትሪክ ሳይክሌን ይዤ ልግባ ወይስ እዚያው ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠቅልዬ ልገባ ነው። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ለገሃር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሳይክሌን በሻንጣ ይዤ ብመጣስ? ታርጋና መንጃ ፈቃድ ይጠይቁኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከጀርመን የተመለስኩ የፒያሳ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ስለ ባትሪው ላውራሽ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዢው። 36 በ14 ከሆነ 504 ዋት-ሰዓት ነው። መንገደኛ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀደው ግን እስከ 100 ነው፤ አየር መንገዱ ሲፈቅድ እስከ 160። ከዚያ በላይ በእጅም በሻንጣም አይሆንም። እኔ ይህን የሰማሁት ካርቶኑን ሚዛን ላይ ካወጣሁ በኋላ ነው። ሳይክሏ ገባች፣ ባትሪዋ እዚያው ቀረች። ሁለት ወር ሙሉ ያንን ብረት በቸርችል ዳገት ስገፋ ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ አዘኑልኝ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ያንቺዋ በእጅ ጋዝ የምትሄድ ናት? እናንተ ጋ አሜሪካ በብዙ ግዛቶች በጋዝ በሰዓት እስከ 20 ማይል ብትሄድም ሳይክል ናት። ጀርመን ግን ሞተሩ በሰዓት ከ25 ኪሎሜትር ፍጥነት በላይ የሚያግዝ ከሆነ ታርጋ፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ ይከተላል። አዲስ አበባ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ አግዳለች። መነሻው በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። ስለዚህ ፔዳል ሳትመቺ ሽው ስትይ ትራፊክ ካስቆመሽ፣ ሳይክል መሆኗን ማስረዳት ያንቺ ዕዳ ነው። የኔዋ 250 ዋት ናት፣ ፔዳል ካልመታሁ አትንቀሳቀስም። ጋዝ ያላትን ከፈለግሽ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ ዋቷን አሳይተሽ ጠይቂ። የሻጭ «ችግር የለውም» ታርጋ አይሆንም።

መንገዱ ላይ ከሁሉም የሚያስፈራኝ «ወራጅ አለ» የሚለው ድምፅ ነው። ሚኒባሱ ያንን ሲሰማ ቀኙን ሳያይ ጥግ ይይዛል፤ ረዳቱም በሩን ይከፍታል። የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ሠርቷል፣ እግዜር ይስጠው። ግን እግረኛው ፎቶ የሚነሳው እዚያው ላይ ነው፤ ደወል ግዢ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስትወርጂ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬን እየቆራረጥሽ ያዢ። ኤሌክትሪክ ሳይክል ከባድ ናት፣ በክረምት አስፋልት ላይ ቶሎ አትቆምም። ሄልሜት አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

ሌላ አስተያየት፦ ጋሼ ቻርጀሩን ረሱት። እዚህ 220 ቮልት ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ካላለ ገና ስትሰኪው ይቃጠላል። ባትሪውን ደግሞ ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም መውጫ በር ላይ። ኒው ዮርክ በባትሪ እሳት ተማርራ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኤል 2849 የሚባለውን የደህንነት ደረጃ የማያሟላ ኤሌክትሪክ ሳይክል እንዳይሸጥ ከልክላለች። እዚህም ስትገዙ ያንን ምልክት ፈልጉ።

ጠያቂዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ። የኔዋ እውነትም የጋዝ ናት፣ እዚሁ እሸጣታለሁ። ብቻ ጎሚስታ የሳይክል ጎማ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ሞተሩ ያለው የኋላ ጎማው ላይ ከሆነ ግን ገመዱን ቀድመሽ ራስሽ ንቀዪው። እኔ ለሻይ ዞር ብዬ ስመለስ በፒንሳ ቆርጠው ጠበቁኝ።