ለውጭ ልውውጥ የሚሄድ መምህር እንዴት ይመረጥ? ለዩኒቨርሲቲዎች የምናቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርቅቀው

ሰብሳቢዋ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ጥያቄያችን አንድ ነው። ለልውውጥ የሚሄድ መምህር በሥራው ይመረጥ፤ ለማን ታማኝ እንደሆነ አይጣራ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በፖለቲካ አቋም ሰው እንዳይለይ ይላል። መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ። ቀሪውን ጨምሩበት።

የታሪክ መምህሩ፦
"መልካም ሥነ ምግባር ያለው" የሚለው መስፈርት ይውጣልኝ። በሶቪየት ዘመን ውጭ የሚሄድ ምሁር የምስክርነት ወረቀት ይጠየቅ ነበር። የሚፈርሙት የተቋሙ ኃላፊ፣ የፓርቲው ጸሐፊና የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። "በፖለቲካ የበሰለ፣ በሥነ ምግባሩ የጸና" ተብሎ ይጻፍለታል። ስለ ምርምሩ ማን ጠየቀ? እኛም ልኩ የማይታወቅ መስፈርት ካስቀመጥን ያው ወረቀት በሌላ ስም ይመጣል።

ከኮምቦልቻ፦
ልክ ብለዋል መምህር። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መጨረሻው ነው። ውድድሩ በሥርዓት ያልቃል፣ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይሄድና ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል። ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የአሜሪካው የምሁራን ልውውጥ ፕሮግራም ፉልብራይት እንኳ አላመለጠም። በ2025 የቦርዱ አባላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ለቀቁ። እኛ የመረጥናቸውን ሰዎች የትራምፕ አስተዳደር ሰረዘብን ነው ያሉት። ስለዚህ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ "ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ስም የሚለወጠው ምክንያቱ በጽሑፍ ለተወዳዳሪው ሲደርሰው ብቻ ነው።"

ጀማሪ ሌክቸረር፦
ጋሼ፣ እኛ እኮ እዚያም አንደርስም! ጥሪው መምጣቱን የምንሰማው ቀኑ ካለፈ ነው። ለሚፈለገው ሰው ብቻ በስልክ ይነገረዋል። ጎበዝ ጓደኞቼ ማመልከት ትተዋል፤ በጣም ያማል። ጥሪው በወጣበት ቀን በየዲፓርትመንቱ ይለጠፍ።

የሕግ መምህርቷ፦
ይሄ የመጀመሪያው አንቀጽ ይሁን። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ማጣራት ሁሉ ይቅር ካልን አይሰሙንም። የትምህርት ማስረጃ ይጣራ። የፍርድ ቤት እገዳ ካለም ይታይ። ከፓርቲ ወይም ከቀበሌ የሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ጭራሽ አይጠየቅ፤ ሳይጠየቅ ቢመጣም ፋይሉ ውስጥ አይግባ። ቅሬታ ሰሚውም መራጩ ኮሚቴ ራሱ መሆን የለበትም።

ሰብሳቢዋ፦
ሁሉንም አስገባለሁ። "ሥነ ምግባር" ወጥቷል። ያልተቋጨው የነጥቡ ጉዳይ ነው፦ የሁሉም ነጥብ በስም ይለጠፍ ወይስ በኮድ? እኔ በኮድ እላለሁ፤ የወደቀ ሰው ለምን ይሸማቀቅ? የኮምቦልቻዎቹ ቅዳሜ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትመጡ በዚሁ እንጀምር።