ኢፖ ለካንሰር ታማሚ፦ ደሙን ይጨምራል፣ ዕጢውንስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬሞ ላይ ያለ ታማሚ ሄሞግሎቢኑ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) ከ10 ግራም በዴሲሊትር ሲወርድ ኢሪትሮፖይቲን (በአጭሩ ኢፖ፣ ቀይ የደም ሴል የሚያስጨምር ሆርሞን) ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ ካንሰሩን ያባብሳል ብለው የሚከለክሉም አሉ። የትኛው ነው ልክ? የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል የሚባለውስ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ የሕክምናው ዓላማ ይጠየቅ። ኬሞው የሚሰጠው ጨርሶ ለማዳን ከሆነ ኢፖ አይሰጥም። በ2003 ላንሴት ላይ በወጣው የራስና አንገት ካንሰር ጥናት፣ ከጨረር ጋር ኢፖ የወሰዱት ሄሞግሎቢናቸው ቢጨምርም ካንሰሩ ካልወሰዱት ይልቅ ቶሎ ተባብሶባቸዋል። በ2007 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመድኃኒቱ ላይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል።

የሚታዘዘው ለማስታገሻ ኬሞ፣ ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ሆኖ ቢያንስ 2 ወር ኬሞ ሲቀር ነው። ለአዋቂ በሳምንት አንዴ 40,000 ዩኒት ከቆዳ ሥር። ሄሞግሎቢኑ በ2 ሳምንት ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ የመድኃኒቱ መጠን በ25% ይቀነሳል። በ8 ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ኬሞው ካለቀ፣ ይቆማል።

መልስ 2፦
የመከላከያውን ነገር እኔ ልመልስ። ኢፖ በዋናነት ከኩላሊት ይመነጫል፤ ኦክስጅን ሲያንስ መቅኔ ቀይ ሴል እንዲያመርት ያደርጋል። ተቀባዩ (ኢፖ የሚያርፍበት የሴል ክፍል) ግን ማክሮፋጅ በሚባለው የመከላከያ ሴል ላይም አለ። በ2025 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የስታንፎርድ የአይጥ ጥናት፣ አንዳንድ የጉበት ዕጢዎች ራሳቸው ኢፖ እንደሚያመነጩ አሳይቷል። ማክሮፋጆቹ ያንን ሲቀበሉ ጠባያቸው ይለወጥና ቲ ሴሎች (ካንሰርን የሚያጠቁ የመከላከያ ሴሎች) ወደ ዕጢው እንዳይዘልቁ ያግዳሉ። ተቀባዩ ከማክሮፋጆቹ ሲወገድ ቲ ሴሎቹ ገቡ፤ ፀረ ፒዲ-1 መድኃኒት (የቲ ሴሎችን ፍሬን የሚያነሳ) ሲታከልበት ደግሞ ዕጢው ሟሸሸ። ልብ በሉ፣ ይህ ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ኢፖ ነው፤ በመርፌ ስለሚሰጠው በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

መልስ 3፦
በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አይረን ነው። ፌሪቲን (የተከማቸ አይረን መለኪያ) እና ትራንስፌሪን ሳቹሬሽን (በደም የሚጓጓዘው አይረን መለኪያ) ሳይታዩ አይጀመር። ሳቹሬሽኑ ከ20% በታች ከሆነ መቅኔው ሄሞግሎቢን የሚሠራበት አይረን ስለሚያጥረው መርፌው አይሠራም፤ ያን ጊዜ መጠኑን መጨመር ለደም መርጋት ማጋለጥ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይኬድ።

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። በረዶ ከሠራ ይጣል፣ አይናጥም፤ ፕሮቲኑ ይበላሻል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሄሞግሎቢኑ 6.5 ሆኖ ትንፋሽ ካጠረውስ?

መልስ 1፦
ደም ይሰጠው። ኢፖ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ እሱ ደግሞ ያን ያህል መጠበቅ አይችልም።