ለባለ ስድስት ጎን ቅጥልጥል የአልጋ ልብስ የሚሆን አበባማ ጨርቅ ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይገዛ?

ከትናንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች የአልጋ ልብስ መስፋት የጀመሩ ሁለት እህቶች፣ አበባውን እየመረጡ ለመቁረጥ የሚመች ጨርቅ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀውኛል። ለዚህ ሥራ ጨርቅ የሚመረጠው በሜትር ዋጋው ሳይሆን ሥዕሉ በየስንት ሴንቲ ሜትሩ እንደሚደገም ታይቶ ነው። በስፌት የሚሠራው አንዱ አበባ የሚገጠመው ከአንድ እምብርትና (ከመሐለኛው ቁራጭ) በዙሪያው ከሚሰፉ ስድስት ቁራጮች ስለሆነ፣ ስድስቱም ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እንዲያርፍ ከተፈለገ ያ ሥዕል በምትገዙት ጨርቅ ላይ ስድስት ጊዜ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት።

ስለዚህ የማስቀድመው በአሮጌ ገበያ ያሉትን ብትን ጨርቅ ሻጮች ነው፤ ጣቃው ፊታችሁ ስለሚዘረጋ ከአንዱ አበባ መሐል እስከ ቀጣዩ አምሳያው መሐል ለመለካት ይመቻል። ልኩ 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አበባው በጨርቁ ወርድ ሦስት ጊዜ ከተገኘ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ ካለ ግን 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል። መቀሱ የት ላይ እንደሚያርፍም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ይህን ሳልናገር አንድ ሜትር አስቆርጬ ቤት ስገባ፣ አምስት ሙሉ አበባና ለሁለት የተከፈለ ስድስተኛ አገኘሁ፤ በማግስቱ ብመለስ ጣቃው አልቋል። አምስቱ አበቦች እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚሰፋው ጠርዙ በባለ ስድስት ጎን ወረቀት ላይ ታጥፎ ነው፤ ፖሊስተር ግን ቢተኮስም በወረቀቱ ላይ ታጥፎ አይቀመጥም። ከተጠራጠራችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ስባችሁ ለኩሱት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ለስላሳ አመድ ሲሆን፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ኪቴንጌ (ደማቅ ሥዕል የታተመበት የአፍሪካ ጨርቅ) ቀለሙ የሚያምር ቢሆንም ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ስለሆነ፣ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቁራጭ እንጂ ለትንሹ አልመክረውም።

ሰልባጅ ለእምብርቱ ከብትን ጨርቅ ይሻላል እላለሁ። ደጋግሞ የታጠበ የጥጥ ቀሚስ አስቀድሞ ስለተሰበሰበ በኋላ አያስቸግርም፤ ሰፊ ግርጌ ያለው ከሆነማ ብዙ ትናንሽ አበቦች ይወጡታል፤ ትከሻው አካባቢ ግን ፀሐይ ያደበዘዘው እንዳይሆን ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። የልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ርካሽ ነው፤ ስድስት ተመሳሳይ ሥዕል ስለማይገኝበት አበቦቹን እርስ በርስ ለሚያገናኙት ቁራጮች ብቻ ይሁን።

ከአገልግሎት ሰጪዎች ሁለቱ እጅግ ይጠቅማሉ። አንደኛው ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ቤት ነው። ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ጎን በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ 28 ጊዜ ይገባል፤ ይኸውም ለአራት አበባ ልክ ነው። ከኮፒ ላይ ኮፒ ማስነሳት ልኩን ስለሚያዛባ ሁሉንም ከዋናው አሳትሙ፣ መጠኑ እንዳይቀየርም ንገሯቸው፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ጎን በማስመሪያ ለኩ። ባዶ የላሚኔሽን ፕላስቲክም እዚያው ግዙ፤ ቅርጹን በማርከር ሥላችሁበት፣ በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ለስፌት ጨምራችሁ ስትቆርጡት፣ ጨርቁ ላይ እያንሸራተታችሁ የቱ ሥዕል መሐል እንደሚገባ የምታዩበት መስኮት ይሆናል። ሁለተኛው መስታወት ቤት ነው። ጠርዛቸው የተሞረደ ሁለት ትናንሽ መስታወቶች አስቆርጣችሁ በ60 ዲግሪ ጨርቁ ላይ ብታቆሟቸው፣ በመካከላቸው ያለው ሥዕል ዙሪያውን ስድስት ጊዜ ተደግሞ ይታያል፤ መቀስ ሳይነሳ ጨርቁን መምረጥ የሚቻለው እንዲህ ነው። እኔ ያለ መስታወቶቼ ገበያ አልወጣም።

ሥዕሉን ተከትሎ የተቆረጠ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ሰያፍ ስለሚሆን ይለጠጣል። ወረቀቱን ስድስቱም ጎኖች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሳይሰፉ አታውጡት።