መዳሜ ሲክለር አለባት፣ ትኩሳቷ አልወርድ አለኝ! ኦግመንቲን ልስጣት?

የደሴ ልጅ (ቀጢፍ)፦
እህቶቼ ባካችሁ ፍጠኑልኝ። መዳሜ ከሌሊት ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች፣ ጭኗን ይዛ ታቃስታለች። ፓናዶል ሰጠኋት፣ በረድ አለላትና ተመልሶ መጣ። ባሏ መንገድ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ጥርሷን ስትታከም የተረፈ ኦግመንቲን የሚባል አንቲባዮቲክ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ አምስት ፍሬ። ልስጣት? እሷ «ኑባ ነው፣ ያልፋል» ነው የምትለው፤ ኑባ የምትለው የሲክለሩ ሕመም ሲነሳባት ነው።

ሀያት ጅዳ፦
ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልተሽ በማር አጠጫት የኔ እናት። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ኡሙ ሰላም፦
ትኩሳቷ ስንት ነው? ዕድሜዋስ? ሲክለር ደግሞ ምንድነው?

የደሴ ልጅ፦
39.2። ዕድሜዋ 31። የደም በሽታ ነው፣ አብሯት የተወለደ።

ብርቱካን፦
ኤሲውን ከፍ አድርጊና በበረዶ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ ሰውነቷን ጥረጊያት።

ነርሷ (ደማም)፦
በረዶ እንዳታስነኪያት! ብርድ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅስባታል። ኤሲውን ቀንሺ፣ አልብሻት፣ መጠጣት ከቻለች ውሃ ስጫት። ኦግመንቲኑን ተዪው። ሲክለር ያለበት ሰው ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ያው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ለነገ አይባልም።

ሾፌሩ (ኮባር)፦
ቆይ፣ አንቺ ሐኪም ነሽ? መድኃኒት ሰጥተሽ አንድ ነገር ብትሆን በማን ይፈረዳል? ደግሞ ይሄ በሽታ የጥቁር አፍሪካ ነው ሲሉ ነው የምሰማው፣ ዓረብ ላይ ከየት መጣ?

ነርሷ (ደማም)፦
ወንድሜ፣ እዚህ ምሥራቅ ሳዑዲ፣ ቀጢፍና አል-አሕሳ ውስጥ ሲክለር የማያውቅ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ወባ በነበረበት ብዙ አገር ይገኛል፤ ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን ሰው ከከባድ ወባ ስለሚከላከልለት ነው። ከሁለቱም የወረሰ ግን ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ እየተቆለመመ ትንንሽ የደም ሥሮችን ይዘጋል። ጣፊያም በዚሁ ይሞታል። ጣፊያ ደግሞ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎችን ከደም አጣርቶ የሚይዝ ነው። እሱ ከሌለ ጠዋት ትኩሳት የነበረው ማታ ደም መመረዝ ሊሆን ይችላል። የዚህ አካባቢ ሰዎች ጣፊያቸው እስከ ጉልምስና ሊቆይ ይችላል፣ ግን በዚያ ተማምኖ ቤት አይተኛም።

ደሴ፣ ጭኗን ንኪው እስቲ። አንድ ቦታ ላይ አብጦ ይፋጃል?

የደሴ ልጅ፦
አዎ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ። እጄን ሳስጠጋ ጮኸች። ኑባዋ ሲነሳ ግን ሁልጊዜ ወገቧን ነበር።

ነርሷ (ደማም)፦
እንግዲያው አጥንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሰው በተቅማጥ የሚጥለው ሳልሞኔላ የሲክለር ሰው አጥንት ይወዳል። ኑባም አጥንት ያሳብጣል፣ ለመለየት የደም ምርመራና የአጥንት ምስል ያስፈልጋል። ኦግመንቲን አትስጪ ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያውን ከደሟ አብቅለው መለየት አለባቸው፣ ቀድመሽ ከሰጠሻት ሊደበቅባቸው ይችላል። ሆስፒታል ደሟን ወስደው ወዲያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀምሩላታል። ደረቷን ከወጋት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቶሎ ንገሪያቸው።

ሀያት ጅዳ፦
ዝንጅብሉ ግን ምንም አይጎዳም።

ሾፌሩ (ኮባር)፦
እሺ ተማርኩ። እህቴ 997 ደውዪ፣ ዓረብኛ እንዳይጠፋብሽ ይቺን ብቻ በያቸው፦ «መዳም ዒንደሃ ሲክለር፣ ሐራራ 39»። በሩን ከፍተሽ ጠብቂ።

ነርሷ (ደማም)፦
የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው በከረጢት ያዢ፣ የክትባት ካርዷንም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው የሲክለር መድኃኒት ካለ በተለይ አሳዪያቸው፣ ነጭ የደም ሴል ሊቀንስ ይችላል። ፔኒሲሊን አይስማማት እንደሆን አሁኑኑ ጠይቂያት።

የደሴ ልጅ፦
ደወልኩ። ፔኒሲሊን ይስማማኛል ብላለች። ካርዱን አጣሁት፣ መድኃኒቱን ግን በፌስታል አድርጌዋለሁ። እጄን ይዛ አትሂጂብኝ እያለችኝ ነው። መጡ መሰለኝ

ኡሙ ሰላም፦
ኧረ ምን ደረሰች? ደሴ?

ብርቱካን፦
በረዶውን ስላልኩ ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። ስትመለሺ ጻፊልን።

መኪያ፦
አሁን ነው ያየሁት። ኦግመንቲን ካለሽ ስጫት፣ ለትኩሳት ጥሩ ነው።

ነርሷ (ደማም)፦
መኪያ፣ ከላይ ያለውን አንብቢው እህቴ።