ጡት አቁሚ ተባልኩ፤ ጋላክቶሲሚያ ለተጠረጠረባት አራስ «ላክቶስ የሌለው» ወተት ይሆናል?

የአራሷ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስትወለድ ደህና ነበረች። ጡት መጥባት ከጀመረች በኋላ ግን ታስመልስ ጀመር፤ እንቅልፍ አበዛች፣ ቆዳዋም ቢጫ ሆነ። የአራስ ነው ይጠፋል ተባልን፤ ግን ባሰበት፣ ክብደቷም ቀነሰ። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች። ከተረከዟ በተወሰደው ደም ጋላክቶሲሚያ የሚባል፣ ሰውነት የወተትን ስኳር በአግባቡ መጠቀም የማይችልበት የዘር በሽታ ተጠርጥሮ ማረጋገጫውን እየጠበቅን ነው። ሐኪሟ «ጡት ዛሬውኑ አቁሚ፣ ከአኩሪ አተር የተሠራውን የሕፃናት ዱቄት ወተት ስጫት» አለችኝ። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ልጄ አፏን ከፍታ ስትፈልገኝ ሆዴ ይባባል። በቀን አንዴ እንኳ ባጠባት? ካልሆነስ «ላክቶስ የሌለው» ተብሎ የሚሸጠውን ብሰጣት?

የትልቋ ልጅ እናት፦
እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። ሁለቱም አይሆንም፤ አንዴም ቢሆን አታጥቢያት። የኔም ልጅ ይሄው ነው ያለባት፣ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

የወተት ስኳር ላክቶስ ነው። አንጀት ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይሆናል። ጋላክቶሱን ወደ ግሉኮስ ለመቀየር የሚያስፈልግ ጋልት የሚባል ኢንዛይም አለ፤ በእነዚህ ልጆች ላይ የለም፣ ወይም ከሞላ ጎደል አይሠራም። ስለዚህ ጋላክቶስ-1-ፎስፌት የሚባለው ነገር ተከማችቶ ጉበትን ይጎዳል። ቢጫነቱም ከዚያ ነው። «ላክቶስ የሌለው» ወተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላክቶሱ አስቀድሞ በኢንዛይም የተፈጨለት ነው እንጂ ጋላክቶሱ አልወጣም፤ ሙሉ በሙሉ እዚያው ነው። ወተት ሆዱን ለሚነፋው አዋቂ ይጠቅማል፣ ለልጅሽ ግን ያው ወተት ነው። ይህን ለቤተሰብሽ ሁሉ ንገሪ፣ ምክንያቱም በፍቅር ተነሥቶ «ትንሽ ምን ያደርጋታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ያንን ያለኝን ሁሉ በሩ ላይ መልሻለሁ።

ወተትሽ ምንም አልጎደለውም። ሌላ ልጅ ቢጠባው ያፋፋው ነበር። ጡትሽ እስኪደርቅ ሕመሙ እንዲቀልልሽ ብቻ ትንሽ ትንሽ እለቢው፤ ብዙ ካለብሽው ይጨምራል። ጡጦውን ስትሰጫት ገላሽ ላይ አድርገሽ ያዣት። የኔዋ ወተት በቆመ ቶሎ ዓይኗን ገልጣ በጉልበት መጥባት ጀመረች። ዓይኗ ላይ ሞራ ጀምሯት ነበር፣ እሱም ቀስ በቀስ ጠፋ። ዓይኗን ያዩላት ዘንድ ጠይቂ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
የትልቋ ልጅ እናት ያለችው ትክክል ነው። ልጨምር። እነዚህ አራሶች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ደማቸው በቀላሉ ይመረዛል፤ ሰውነቷ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ጡጦ እምቢ ካለች ወዲያው ተናገሪ። ደም የሚሰጣት ከሆነ የኢንዛይም ምርመራው ናሙና ከዚያ በፊት መወሰድ አለበት። ኢንዛይሙ የሚለካው ከቀይ የደም ሴል ስለሆነ የሰው ደም ከገባ ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሽንቷ በተለመደው የስኳር ወረቀት ተመርምሮ «ስኳር የለም» ቢባልም አትዘናጊ፤ ያ ወረቀት የሚያየው ግሉኮስን ብቻ ነው። ዱዋርቴ የሚባል ቀላል ዓይነትም አለ፣ የኢንዛይሙ ሩብ ያህል ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። የትኛው እንደሆነ ማረጋገጫው ይነግርሻል፤ እስከዚያ ግን ወተት የለም።

የአራሷ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም አነበበው። ስታድግ ይለቃታል? የሚቀጥለውስ ልጅ?

የትልቋ ልጅ እናት፦
አይለቃትም፣ ወተትን ዕድሜዋን ሙሉ ትተዋለች። እውነቱን ልንገርሽ፦ አመጋገቡ ሕይወቷን ያድናል፣ ሁሉንም ነገር ግን አያስቀርም። ሰውነታችን ራሱ ጥቂት ጋላክቶስ ይሠራል። ብዙዎቹ ልጆች ንግግር ይዘገይባቸዋል፤ የኔዋ በባለሙያ ርዳታ ነው ቃላቱን ያስተካከለችው። በትምህርት የሚቸገሩም አሉ። ሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ የእንቁላል ማምረቻው ቀድሞ ሊደክም ስለሚችል ለአቅመ ሔዋን ከመድረሷ በፊት የሆርሞን ሐኪም ይያት። ወተት ስለማትጠጣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪም ያዝዝላታል። መድኃኒት ሲታዘዝ ላክቶስ እንዳለበት ጠይቂ፣ ብዙ እንክብሎች ውስጥ በመሙያነት ይገባል።

የበሽታውን ዘር ሁለታችሁም ሳትታመሙ ተሸክማችሁታል። በየእርግዝናው ልጁ በሽታው እንዲኖርበት ከአራት አንድ ዕድል አለ፣ ያለፈው የሚመጣውን አይለውጠውም። ስታረግዢ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልጁ እንደተወለደ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከአኩሪ አተሩ ይጀምር፣ አንቺም ወተትሽ እንዳይደርቅ እያለብሽ ጠብቂ። ነፃ ከሆነ ታጠቢዋለሽ።